ፊንሐስ፦ የነሐስ አፍ፣ የእባብ አፍ ወይስ የኑቢያ ሰው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ ወንድ ልጅ ልትወልድ ጥቂት ሳምንት ቀርቷታል። እኔ ስሙን ፊንሐስ ልለው ፈልጌያለሁ፣ ቤተሰቡ ግን ተከፋፍሏል። አንድ ጓደኛዬ ትርጉሙ «የነሐስ አፍ» ነው አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ «የእባብ አፍ» የሚል አገኘሁ፤ እሱን ለባለቤቴ አላሳየኋትም። አማቴ ይባስ ብለው «የናግራንን ክርስቲያኖች የፈጀው ንጉሥ ስም እኮ ነው፣ ለልጅ ልጄማ አይሆንም» ብለው ቁርጥ አድርገዋል። በመጨረሻ አንድ ሰው ፊንሐስ ማለት ኢትዮጵያዊ ማለት ነው አለኝ። እሱ እውነት ከሆነ ክርክሩን አሸንፌአለሁ። የትኛው ነው ልክ? አጻጻፉንስ እንዴት ላድርገው?
አባት ሊሆን የተቃረበ

መልስ፦ በሰላም ይገላግላት! ከነገሩህ ሁሉ ለእውነት የቀረበው የመጨረሻው ሰውዬ ነው። እሱም ቢሆን ትንሽ ጨምሮበታል፤ ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ አፎቹን እናስወግድ። የነሐስ አፍም የእባብ አፍም የመጡት ከአንድ ቦታ ነው። በዕብራይስጥ አፍ «ፔ» ነው፣ ከሌላ ቃል ጋር ሲያያዝ «ፒ» ይሆናል። ነሐስ «ኔሖሼት»፣ እባብ «ናሐሽ» ነው። ስለዚህ ፒ ሲደመር ናሐሽ፣ ይኸው ፊንሐስ! ያምራል። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። እባብም ነሐስም የሚጻፉት ሺን በምትባለው ፊደል ሲሆን ፊንሐስ ግን የሚያልቀው በሳሜክ ነው። አንዱ ሽ ነው፣ ሌላው ስ። ዕብራይስጥ ተናጋሪ እነዚህን ሁለቱን አያምታታም።

እኛ ግን እናምታታለን፣ ጓደኛህም አይፈረድበትም። ዕብራውያን «ሻሎም» የሚሉትን እኛ ሰላም፣ «ሼም» የሚሉትን እኛ ስም እንላለን። በግእዝ በኩል ያ ሽ ወደ ስ ሄዷል። ነሐስም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ፊንሐስ ሲባል የአማርኛ ጆሮ ነሐስን ጥርት አድርጎ ይሰማል፣ ምንም ማስረጃ አያስፈልገውም። ብዙ የስም ትርጉም የሚሰጡ ገጾች ደግሞ ድሮ የተጻፈ መዝገበ ቃላት ላይ ያገኙትን እንዳለ እየቀዱ ስለሚያዞሩት ይሄ የአፍ ነገር እስከዛሬ አልሞተም።

እውነተኛው መነሻ ግብፅኛ ነው። በግብፅኛ «ፓ» ለወንዴ ስም የሚቀድም ቃል ነው፤ እኛ ከኋላ የምንጨምራትን ኡ፣ «ሰውዬው» ውስጥ ያለችውን ማለት ነው፣ እነሱ ከፊት ያደርጓታል። «ነሕሲ» ደግሞ የኑቢያ ሰው ነው፤ ከአስዋን ወደ ደቡብ፣ ዛሬ ደቡብ ግብፅና ሰሜን ሱዳን በሆነው የአባይ ዳር የሚኖረው ሕዝብ። ፓ-ነሕሲ ማለት «ኑቢያዊው» ነው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይገጥማሉ፦ ሐ በሐ፣ ስ በሳሜክ። የግብፅ ስ ወደ ዕብራይስጥ ሲገባ ሳሜክ እንደሚሆን ደግሞ ራምሴን አይተህ ታውቃለህ፤ ኦሪት ዘፀአት ላይ እስራኤላውያን በባርነት የሠሩት ከተማ በዕብራይስጡ የተጻፈው በሁለት ሳሜክ ነው። (የሙሴ ስም ግብፃዊ ነው ሲባል ክርክር የሚነሳው በዚችው ፊደል ምክንያት ነው። እሱ በሺን ነው የሚጻፈው። ፊንሐስ ላይ ግን ያ ችግር የለም።)

«ታዲያ የጥንት ሊቃውንት ይህን እንዴት አላዩም?» ብትል፣ ሊያዩት አይችሉም ነበር። የግብፅን የሥዕል ጽሑፍ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሚያነብ ሰው አልነበረም። ሻምፖሊዮን የተባለው ፈረንሳዊ ምስጢሩን የፈታው እ.ኤ.አ. በ1822 ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ተርጓሚ የማያውቀውን ስም በሚያውቀው ቋንቋ ቢፈታ ምን ይገርማል?

ጽሑፉ መነበብ ሲጀምር ግን ፓነሕሲዎች ከየመቃብሩ ብቅ ብቅ አሉ። በ14ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በፈርዖን አክናተን ጊዜ፣ በዛሬዋ አማርና አተን የተባለው አምላክ ቤተ መቅደስ ባለሥልጣን የሆነ ፓነሕሲ ነበር። መቃብሩ ዛሬም ይጎበኛል፤ የሚገርመው ከብዙ ዘመን በኋላ ግብፃውያን ክርስቲያኖች ያንን መቃብር ቤተ ክርስቲያን አድርገውት ነበር። በፈርዖን ሜርኔፕታህ ጊዜ ደግሞ ፓነሕሲ የሚባል ጠቅላይ ሹም ነበር። በመጨረሻው ራምሴስ፣ ማለትም በ11ኛው፣ ዘመን የኩሽ እንደራሴ የነበረው ፓነሕሲም ወታደሩን ይዞ ቴብስ የተባለችው ትልቅ የግብፅ ከተማ ድረስ መጥቶ ሀገር ያመሰ ሰው ነው። «ፓ» የሌለው ነሕሲም አለ። የንግሥት ሐትሼፕሱት መርከቦች ወደ ፑንት ሲሄዱ ጉዞውን የመራው ባለሥልጣን ስሙ ነሕሲ ነው። ፑንት ያልኩት ብዙ ምሁራን በቀይ ባሕር ደቡብ በኩል፣ በእኛው አካባቢ የሚያስቀምጡትን የዕጣንና የዝንጀሮ ሀገር ነው።

አሁን ወደ ልጅህ ሞክሼ ቤተሰብ እንግባ፣ እኔን ከሁሉም የሚያስደስተኝ እዚህ ጋ ያለው ነው። ፊንሐስ የአሮን የልጅ ልጅ ነው። ዘፀአት 6፥25 እንደሚለው አባቱ አልዓዛር ከፉትኤል ልጆች አንዷን አገባና እሱን ወለደች። ፉትኤልን ልብ በልልኝ። ጲጥፋራን ታውቀዋለህ፣ ዮሴፍን የገዛው ሰውዬ። በግብፅኛ ያ ዓይነት ስም «ራ የሰጠው» ማለት ነው፣ ራ ፀሐይ የሆነው አምላካቸው ነው። ፉትኤልም ያው አሠራር ይመስላል፦ መጀመሪያው ግብፅኛ፣ መጨረሻው ኤል፣ «ኤል የሰጠው»። ሁለት ቋንቋ በሚናገር ቤት ካልሆነ እንዲህ ያለ ስም አይወጣም፤ አንተም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ድብልቅ ስሞች ሳትሰማ አትቀርም። ከብዙ ትውልድ በኋላ፣ ሴሎ ላይ፣ ካህኑ ዔሊ ልጆቹን አፍኒንና ፊንሐስ ብሎ ሰየማቸው። የአፍኒንም ስም ግብፃዊ ነው፣ ያውም የእንቁራሪት ግልገል ማለት ነው! (በዕብራይስጡ ሖፍኒ ነው የሚባለው።) ሙሴን ጨምርበት። ከእስራኤል ነገድ ሁሉ የግብፅ ስም ጎልቶ የሚታየው በሌዊ ዘር ላይ ነው፣ በተለይ በካህናቱ ቤት። እስራኤላውያን ከግብፅ ወጡ የሚለውን ታሪክ በሙሉ የሚጠራጠሩ ምሁራን እንኳ እነዚህን ስሞች ሲያዩ ትንሽ ቆም ይላሉ። ተረት የሚፈጥር ሰው ለሊቀ ካህኑ የልጅ ልጅ ማንም የማይገባውን የባዕድ ስም ምን ብሎ ያወጣለታል?

እንደማይገባቸው በምን አወቅን? መጽሐፉ ራሱ ይጠቁማል። ኦሪት የስም ትርጉም መናገር ይወዳል፤ ያዕቆብን፣ ይሳኮርን፣ ሙሴን ሁሉ ይፈታል። ፊንሐስን ግን አንድም ቦታ አልፈታውም። አጻጻፉም ይዋዥቃል። ኦሪት ላይ ዮድ የምትባለውን ፊደል ጨምሮ፣ አንደኛ ሳሙኤል 1፥3 ላይ ያለ ዮድ ይጻፋል። ዮድ ማለት በማቴዎስ ወንጌል «አንዲት የውጣ» ተብላ የተጠቀሰችው ትንሿ ፊደል ናት። ይባስ ብሎ ዘኍልቍ 25፥11 ላይ የአይሁድ ጸሐፍት የፊንሐስን ዮድ ከሌሎቹ ፊደሎች አሳንሰው ነው የሚጽፏት፣ እስከዛሬም በብራና ጥቅልል ላይ እንደዚያው ናት። ስለዚህች ትንሽ ዮድ ረቢዎቹ ብዙ ስብከት ሰብከዋል።

እንግዲህ ያስጨነቀህ ጉዳይ። ኑቢያዊው ማለት ከሆነ፣ ኢትዮጵያዊ ነው ማለት ይቻላል? መንገዱ ይገባኛል። ግብፃውያን ከአስዋን በታች ያለውን ሀገር ኩሽ አሉት፣ ዕብራውያን ኩሽን ተቀበሉ፣ ሰባው ሊቃናት ወደ ግሪክ ሲመልሱት ኢትዮጵያ አሉት፣ እኛም የወረስነው ያንን ነው። ሙሴ ኢትዮጵያይቱን አገባ የሚለው ዘኍልቍ 12፥1 ላይ ያለው ቃልም በዕብራይስጡ ኩሻዊት ነው። በዚህ መንገድ ከሄድክ አማትህ ፊት ደረትህን ነፍተህ ልትቆም ትችላለህ። እኔ ግን እዚህ ላይ ቀስ እንድትል እመክርሃለሁ። አንደኛ፣ ነሕሲ ማለት የአባይ ዳር ኑቢያዊ ነው፣ አክሱምም ጎንደርም አይደለም። ሁለተኛ፣ ስም ስም ነው። ሸዋዬ የሚባሉ ሴቶች ሁሉ ሸዋ አልተወለዱም። ግብፅ ውስጥም መጀመሪያ ምናልባት ከኑቢያ ለመጣ ወይም ጠቆር ላለ ልጅ የወጣው ስም ቆይቶ ማንም ለማንም የሚያወጣው ስም ሆኗል። ስለ ፊንሐስ እናትም መጽሐፉ የፉትኤል ልጅ ከመሆኗ ሌላ አንዲት ቃል አይጨምርም። ኑቢያዊት ነበረች ብለን ብንሞላበት የራሳችንን ምኞት ነው የምናነበው። የአባይ ልጅ ስም ነው ካልክ ግን ማንም አይከራከርህም፣ ለእኔ እሱ ይበቃል።

አማትህን በተመለከተ፣ እውነታቸውን ነው፤ ቀለል አድርገህ አትያቸው። በደቡብ ዐረቢያ ያለችው የናግራን ከተማ ሰማዕታት የተገደሉት እ.ኤ.አ. በ523 ገደማ ነው፤ አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ በዛሬዋ የመን የነበረውን የሒምያርን መንግሥት የጣለው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። ያ አይሁዳዊ ንጉሥ በእኛ ስንክሳር ፊንሐስ ይባላል። ነገር ግን የእሱ የጦር አዛዥ ያስጻፋቸው የድንጋይ ጽሑፎች በናግራን አካባቢ ተገኝተዋል፣ እዚያ ላይ የንጉሡ ስም ዩሱፍ ነው። የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ዙ ኑዋስ ይሉታል። ስለዚህ ለእማማ እንዲህ በላቸው፦ «እማዬ፣ ሰውየው ዮሴፍ ነበር የሚባለው፣ ዮሴፍ የሚባል ሰው ደግሞ በቤተሰባችን ሞልቷል።» ከተቆጡ እኔን አላወቅኸኝም።

እኔ ብሆን ይልቅ የማስበው ስለ መጀመሪያው ፊንሐስ ነው። ዘኍልቍ 25 ላይ ዘንበሪንና ምድያማዊቱን ከስቢን በአንድ ጦር የወጋ እሱ ነው። 24,000 ሰው የጨረሰው መቅሠፍት በዚያ ቆመ፣ ለእሱም የሰላም ቃል ኪዳንና የዘላለም ክህነት ተሰጠው። ልጅህ አድጎ ይሄን ሲያነብ ይጠይቅሃልና ተዘጋጅ። ስትመልስለት ግን ኢያሱ 22ን አብረህ አንብብለት። ከዮርዳኖስ ማዶ ያሉት ነገዶች ትልቅ መሠዊያ ሠሩ ተብሎ እስራኤል ሁሉ ሊዘምትባቸው ሴሎ ተሰበሰበ። ፊንሐስ ከአሥር አለቆች ጋር ተልኮ ሄደ፣ ጠየቀ፣ መልሳቸውንም አዳመጠ። «ለመሥዋዕት አይደለም፣ ልጆቻችሁ ልጆቻችንን ከእኛ አይደላችሁም እንዳይሏቸው ለምስክር ነው» አሉት። አመነና ተመለሰ፣ ጦርነቱም ቀረ። ይሄን ታሪክ ማንም አያወራለትም። የዔሊ ልጅ የሆነው ሁለተኛው ፊንሐስ ዋልጌ ነበር፣ እሱን እለፈው፤ ሦስተኛው ዕዝራ 8፥33 ላይ የአንድ ካህን አባት ሆኖ ስሙ ብቻ ተጠርቶ ያልፋል።

አጻጻፉ ላይ አልደራደርም፦ ፊንሐስ፣ በሐመሩ ሐ። ፊንሃስ ብለው በሃሌታው ሃ የሚጽፉ ብዙ ናቸው፣ የዕብራይስጧ ሔት ግን የእኛ ሐ እህት ናት፣ የግብፅኛውም ድምፅ ያው ነው። የእንግሊዝኛው ላይ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያለበትን፣ ከፒና ኤች የሚጀምረውን ብታስመዘግብ ይሻላል፤ መሐል ላይ ያለችውን ኤች ግን አታስጥላት። ካስጣልካት «ፊኒየስ» ይሆንብሃል፣ ያ የአሜሪካኖች ስም ነው። ትምህርት ቤት «ፊን» ማለታቸው እንደሆነ አይቀርም፣ እሱን ቻለው።

ጥያቄ፦ የአምዱ አዘጋጅ፣ ስለ ስሞች እንደምትጽፍ አይቼ ነው። ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊ ስሙ አቤሜሌክ ነው። ሰባ ወንድሞቹን የገደለው የጌዴዎን ልጅም አቤሜሌክ ነው። እንዴት ነው ደጉና ክፉው አንድ ስም የያዙት?
የልጅ ልጆች ያሏት አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እማማ፣ ጥሩ ዓይን አለዎት። አንድ ስም አልያዙም፣ እኛ ነን አንድ ያደረግናቸው።

የጌዴዎን ልጅ በዕብራይስጥ «አቢሜሌክ» ነው፣ «አባቴ ንጉሥ ነው» እንደማለት። አቢ ያለው የእኛው አብ ነው። የኤርምያስ ወዳጅ ግን «ኤቤድ-ሜሌክ» ነው፣ «የንጉሥ አገልጋይ»። ኤቤድ ማለት እኛ በግእዝ ገብር የምንለው ነው። ስለዚህ ሰውየውን በእኛ ወግ ብንጠራው ገብረ ንጉሥ ነበር የምንለው። ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክም ወደ ሌላው ሲተላለፍ ያልታወቀው ስም ወደታወቀው ተጠጋና አቤሜሌክ ሆኖ ቀረ።

አንዳንዶች ይሄ ስም ሳይሆን የሥራ ማዕረግ ነው ይላሉ። «የንጉሡ አገልጋይ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የባለሥልጣኖች ማኅተሞች በእስራኤል ምድር ስለተገኙ ነው። እኔ ግን ስሙ ይመስለኛል። ማኅተሞቹ ላይ «ንጉሡ» የሚል ነው ያለው፣ ተለይቶ የታወቀው ንጉሥ፤ ኤርምያስ ላይ ግን ያቺ መለያ የለችም፣ ዝም ብሎ ንጉሥ ነው። በዚያ ላይ የፊንቄ ሰዎች ይህንኑ የሚመስል ስም ለልጆቻቸው ያወጡ ነበር። ምናልባት ከኩሽ ይዞት የመጣው ሌላ ስም ነበረው፣ ቤተ መንግሥት ሲገባ ይሄ ወጣለት።

ኩሻዊ መሆኑ በመጽሐፉ በግልጽ ተጽፏል፣ ከላይ እንዳለው እንደ ፊንሐስ በስም ብቻ የምንገምተው አይደለም። «ኵሲ» የሚለውን ስም የያዙም አሉ፤ የነቢዩ ሶፎንያስ አባት አንዱ ነው፣ ኤርምያስ 36፥14 ላይ የሚጠቀሰው የይሁዲ ቅድመ አያት ሌላው። ዛሬ በእስራኤል «ኩሺ» ስድብ ሆኗል፤ እዚያ ያሉ ልጆቻችን ጥቁር በመሆናቸው ሲጠሩበት ያማቸዋል። በኢየሩሳሌም የጥንት ሰዎች ግን የነቢይ አባት የሚጠራበት ስም ነበር።

ለልጅ ልጆችዎ ታሪኩን ሲነግሩ ጨርቁን አይርሱባቸው። ኤርምያስ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ አቤሜሌክ በገመድ ሲያወጣው፣ ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ «ከብብትህ በታች አድርገው» ብሎ ወረወረለት። ሰው ለማዳን ሲጣደፍ ይሄን የሚያስብ ስንቱ ነው? የእኛ ተረፈ ባሮክ የተባለው መጽሐፍ ደግሞ ይቀጥልበታል፦ አቤሜሌክ ኢየሩሳሌም ስትጠፋ እንዳያይ ተብሎ 66 ዓመት ተኝቶ ሲነቃ፣ በቅርጫቱ የያዘው በለስ ገና ወተቱ ይንጠባጠብ ነበር።